ያለቀን ሥራ በወጉ መፍታት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019፣ በእኛ መስከረም 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ 5.3 የተባለውን የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) እትም ሊለቅ ነው። ከሁለት ወር በላይ የፈጀው ዙር ተጠናቋል፤ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ገብተዋል። የእትሙን ቁጥር ከመቀየሩ በፊት በመጨረሻ ያስገባው ሥራ ግን አዲስ ነገር የሚጨምር አልነበረም። ቀደም ብሎ የገባን፣ ታይቶ ያለፈን፣ «አልቋል» ተብሎ የተዘጋን አንድ ለውጥ መልሶ የሚያወጣ ነበር። የወጣው ኮድ በጣት የሚቆጠር መስመር ነው። ለምን እንደወጣ የሚናገረው ማስታወሻ ግን ከኮዱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል።

ከዚያ ዙር ሥራዎች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ስለ ሶፍትዌር ሙያ ሲወራ ምስጋናው ሁሉ ለሠራ፣ ለጨመረ፣ ላፋጠነ ሰው ነው። የተዘጋን ሥራ ከፍቶ፣ መውጣት ያለበትን ብቻ አውጥቶ፣ ሌላውን ሳይነካ ለሚመልስ እጅ የሚያጨበጭብ የለም። እንዲያውም መመለስ እንደ ውርደት ይታያል። ይህን አንዱን መመለስ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የወጣው ለውጥ ምን ነበር? ኢኤክስቲ4 በሊኑክስ ላይ እጅግ ከተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ ላይ የት እንዳረፈ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ አለው። ከርነሉ ከዚህ ሠንጠረዥ አንዱን ክፍል ሲፈልግ፣ አጠገቡ ያሉትም ወዲያው መፈለጋቸው አይቀርም ብሎ ጎረቤቶቹን አብሮ ያነባል። እነዚህ የንባብ ጥያቄዎች ግን ወደ ዲስኩ የሚሄዱት አንድ በአንድ፣ ቁርጥራጭ ሆነው ነበር። አዲሱ ለውጥ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥያቄዎቹን ለአፍታ ይዞ ማቆየትና ጎን ለጎን ያሉትን አዋህዶ አንድ ላይ መልቀቅ ነው። ዲስኩ በየጥቂቱ ከመጠራት ይድናል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ አደርጋለሁ ያለውን ያደርጋል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከዚያ የአንድ የከርነል ገንቢ ኮምፒውተር አልነሣ አለ።

ምክንያቱን ለመረዳት ከፋይል ሥርዓቱ ወጥተን ሌላ ሰፈር መግባት አለብን። ኮምፒውተር ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የምስጠራ ቁልፎች የሚሠሩት ከዚያ ነው። ማሽን ደግሞ በተፈጥሮው የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ስለሆነ የማይገመተውን ነገር ከውጭ መልቀም አለበት። ዲስኩ «ጨረስኩ» ብሎ ሲጣራ፣ ሰው ቁልፍ ሲጫን፣ በኔትወርክ መልእክት ሲገባ፣ ከርነሉ የእያንዳንዷን ጥሪ ቅጽበት እየወሰደ ያከማቻል። ይህን ክምችት ባለሙያዎቹ ኢንትሮፒ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የገባው ጌትራንደም የተባለው የከርነል ጥሪ ክምችቱ በቂ እስኪሆን ድረስ ጠያቂውን ያስጠብቃል። ይህም ለደኅንነት ሲባል ታስቦበት የተደረገ ነው።

አሁን ሁለቱን ሰፈሮች አገናኙ። የዲስክ ጥያቄዎች ተሰብስበው ስለሚሄዱ ዲስኩ «ጨረስኩ» የሚልበት ጊዜ ቀነሰ። ጥሪው ሲቀንስ ክምችቱ ቀነሰ። በዚያ ገንቢ ማሽን ላይ ያለው አርች ሊኑክስ ገና ሲነሣ ጌትራንደምን የሚጠይቅ ፕሮግራም ነበረው፤ ክምችቱ ደግሞ ለጥቂት ጎደለ። ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃል። የቀረው የማስነሣት ሥራ እሱን ይጠብቃል። ሁሉም ስለቆመ ዲስኩን የሚጠራ የለም፤ ዲስኩ ካልተጠራ ክምችቱ አይሞላም። በማሽኑ ላይ የተሰበረ ነገር የለም። የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ጥፋተኛው ማን ነው? የዲስኩን ንባብ ያሻሻለው ሰው አይደለም። ጌትራንደምም የገባውን ቃል ነው የጠበቀው። ቁጥሩን የጠየቀው ፕሮግራም ቢሆን የተፈቀደለትን ነው የጠየቀው። ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ «በእኛ በኩል ችግር የለም» የሚል መልስ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣና ተጠቃሚው መሐል ላይ ይቀራል። የሊኑክስ ከርነል በዚህ ላይ የቆየና የማያወላውል ደንብ አለው። ትናንት ለተጠቃሚው ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ አልሠራ ካለ፣ ኮዱ ትክክል መሆኑ መከራከሪያ አይሆንም። የሚጠየቀው ማን ተሳሳተ ሳይሆን ምን ተቀየረ ነው፤ የተቀየረው ይመለሳል።

እንግዲህ ማስታወሻውን መስመር በመስመር እንየው። ሲጀምር የሚወጣውን ለውጥ ሙሉ መለያ ይሰጣል፤ 40 ፊደልና አኃዝ፣ አንድም ሳይጎድል። ቀጥሎ፣ ስለ ችግሩ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ የሚወጣው ለውጥ ጥሩ እንደሆነ፣ ያለውን በትክክል እንዳደረገ፣ የሚወጣበትም ምክንያት የማይገባ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ሥራው የተመለሰበት ሰው ማስታወሻውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ስሙን የሚያጠራ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ላይ ትሕትና ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ከአምስት ዓመት በኋላ የኢኤክስቲ4ን ታሪክ የሚያገላብጥ እንግዳ ሰው «ይህ ማሻሻያ ተሞክሮ ተበላሽቷል» ብሎ እንዳይደመድም የሚያግደውም ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ የምክንያቱ ሰንሰለት ይከተላል። ጌትራንደም መቼና በየትኛው ለውጥ እንደገባ፣ ሳያስጠብቅ ቁጥር ከሚሰጠው ከሌላው ምንጭ በምን እንደሚለይ፣ ማሽን ሲነሣ ማን እንደሚጠራው በተራ ይነገራል። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ነገር እዚህ አለ፦ ቶርቫልድስ የሚያውቀውንና የሚገምተውን አይቀላቅልም። የሲስተምዲ (የማስነሣቱን ሥራ የሚመራው ሶፍትዌር) ሰዎች ጌትራንደምን የሚጠራው ፕሮግራም ሌላውን ሥራ ማገድ እንደሌለበት መናገራቸውን ይጽፋል። በተግባር ግን እያገደ መሆኑን ይጽፋል። ከተመሰጠረ ስዋፕ ጋር የተያያዘ አላስፈላጊ ጥገኝነት ሊኖር እንደሚችል ሲጠቁም ደግሞ ግምት መሆኑን ሳይደብቅ ነው። አንባቢው የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሙሉ ክብደቱን ማሳረፍ እንደሚችል፣ የትኛው ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ይለያል። የስህተት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ቢለምድ ስንት የባከነ ሌሊት በተረፈ።

በመጨረሻ ትክክለኛው መፍትሔ ዲስኩ ጋ ሳይሆን ጌትራንደም ጋ እንደሆነ ይናገራል፤ ሦስት መንገዶችም ያነሣል። ጥሪው ጭራሽ እንዳይጠብቅ አድርጎ መጠበቅ ለሚፈልግ ሌላ ምልክት መጨመር፤ ማሽኑ ሲነሣ የሚመረጥ አማራጭ ማስቀመጥ፤ ወይም የሚጠበቅበትን ጊዜ መገደብ። ከሦስቱ አንዱንም አይመርጥም። እትም በሚወጣበት ቀን የደኅንነት ጥሪን ጠባይ መንካት የቸኮለ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ መመለሱ ለመወያያ ጊዜ ማግኛ ብቻ እንደሆነ፣ ሥሩ ሲታረም የዲስኩ ማሻሻያ ተመልሶ እንደሚገባ ይጽፍና ያበቃል። ከግርጌ ችግሩን ያገኘው ገንቢ ስም ሰፍሯል።

መሣሪያውም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሠራ ነው። ቶርቫልድስ የከርነሉ ለውጦች የሚመዘገቡበትን ጊትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው። በጊት ውስጥ እያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ከእሱ በፊት የነበረውን ኮሚት መለያ ይዟል፤ የራሱ መለያ ደግሞ ከይዘቱ ሁሉ ተሰልቶ ይወጣል። ከኋላ ያለ አንዱን ብትነኩ ከእሱ ወዲህ ያሉት ሁሉ መለያቸው ይለወጣል። በመሆኑም ለሌሎች የተሰራጨ ሥራ አይሰረዝም። የገባውን የሚያወጣ፣ የወጣውን የሚያስገባ ተቃራኒ ኮሚት ይጨመርበታል። ሪቨርት የሚባለው ይኸው ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የተበላሸ ደረሰኝ ከጥራዙ አይቀደድም፣ ቮይድ ተብሎ ይጻፍበትና ከነቅጂዎቹ በቦታው ይቀመጣል። ኦዲተር የሚያፈጥጠው ቁጥር ሲጎድል ነው።

በየቢሮው የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ስህተት ተገኘ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ማጥፋት ነው፤ ታሪኩን ወደ ኋላ ቆርጦ በፎርስ ፑሽ መጫን። የራስ ብራንች (ቅርንጫፍ) ላይ ሲሆን ማንም አይጎዳም። የጋራው ላይ ሲሆን ግን ትናንት ኮዱን የወሰደው ባልደረባ ማሽን ላይ ያለው ታሪክና ሰርቨሩ ላይ ያለው ታሪክ አይገናኙም። ሊያገናኝ ሲሞክር የጠፋውን ስህተት ሳያውቅ መልሶ ይጭነዋል። ሁለተኛው ልማድ ደግሞ ስንፍና ነው። ጊት የተመለሰውን ኮሚት መለያ የሚጠቅስ አንድ መስመር ራሱ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ብዙው ሰው እዚያው ላይ ያስቀምጠዋል። ምን እንደተመለሰ ተመዘገበ፣ ለምን የሚለው ከሰውየው ጋር ወደ ቤቱ ሄደ።

ሦስተኛም አለ፤ ይህኛው ከጀግንነት ጋር ይምታታል። የተበላሸውን ከመመለስ ይልቅ ላዩ ላይ ሌላ ማስተካከያ መደረብ፣ እሱም ሲያፈስ ሌላ መደረብ። አንዳንዴ አማራጭ አይኖርም፤ ለውጡ ዳታቤዙን ቀይሮት ከሆነ ኮዱን ብቻ መመለስ የባሰ ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው የሚደርበው «ተመለሰ» የሚለውን ቃል ስለሚፈራ ነው። 5.3 ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ጌትራንደም ላይ በሩጫ የሆነ ነገር ቢለጥፍ ኖሮ እትሙ በቀኑ ይወጣ ነበር፤ ስንት ማሽን ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቶርቫልድስ ያስቀረው ማሻሻያ ጠቃሚ ነበር፣ ሳይኖርም ዓመታት ታልፏል። የታወቀውን ቀርፋፋነት ከማይታወቅ ፍጥነት መረጠ።

የዚያ ቀን ሥራ ቀና እንዲሆን ያደረገው ግን የዚያ ቀን ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ግማሹ ያለቀው ለውጡ መጀመሪያ ሲገባ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያደርገው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ስም አላሳመረም፣ የጎረቤት ፋይል አልነካም። ስለዚህ ሲወጣ አብሮት የሚነቀል አልነበረም። ተጠርጣሪ ፍለጋም ላይ ቢሆን የሚጠቅመው ይኸው ጠባይ ነው። ጊት ባይሴክት የሚባል ዘዴ አለው። የሚሠራውን እትምና የማይሠራውን ትነግሩታላችሁ፤ መካከለኛውን ያወጣላችኋል፤ ሞክራችሁ «ደህና ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ስትሉ ግማሹ ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣል። 16 ሺህ ለውጥ ቢኖር በ14 ሙከራ አንዱ ላይ ይደርሳል። የሚያደርሰው ግን ኮሚት ላይ ነው። ያ ኮሚት አምስት ጉዳይ አጭቆ የያዘ ከሆነ ደጃፍ ላይ አድርሷችሁ ይሄዳል።

ከሥር ምን እንዳለ ሳያዩ መመለስ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ናይት ካፒታልን ማስታወስ ይበቃል። ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት አዲሱን ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ በሰባቱ ላይ ጭኖ አንዱን ዘለለ። በተዘለለው ላይ ከዓመታት በፊት ሥራ ያቆመ አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ኮድ የአሮጌውን ማስነሻ ምልክት ለሌላ ጉዳይ ስለተጠቀመበት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት አሮጌው ነቃና ትእዛዝ ማጉረፍ ያዘ። ሠራተኞቹ በድንጋጤ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት። እነሱም ላይ ሥር የነበረው አሮጌ ኮድ ነቃ። 45 ደቂቃ ገደማ፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

ወደ ከርነሉ እንመለስ። ከዚያ እሑድ በኋላ የነበረው ክርክር ረጅም፣ አንዳንዴም የጋለ ነበር። በአጋጣሚ የሁለቱም ሰፈሮች፣ የኢኤክስቲ4ም የዘፈቀደ ቁጥሩም፣ ኃላፊ በወቅቱ ቴዎዶር ትሶ ነበር። ጌትራንደም ሳይጠብቅ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተማምነው ቁልፍ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ደካማ ቁልፍ ይዘው ይወጣሉ የሚል ሥጋት ነበረው። ሥጋቱ የወረቀት ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ አነስተኛ መሣሪያዎች ገና እንደተነሡ፣ በቂ ኢንትሮፒ ሳይኖራቸው ቁልፍ ስለሚሠሩ ቁልፎቻቸው ሊሰበሩ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ቶርቫልድስ በማስታወሻው ካነሣቸው ከሦስቱ የተለየ አራተኛ መንገድ አስገባ። ከርነሉ ክምችቱ እስኪሞላ እጁን አጣጥፎ ከሚጠብቅ ራሱ ይሙላው አለ። ሰዓት ቆጣሪ ይቀጠራል፤ ፕሮሰሰሩ የራሱን የዑደት ቆጣሪ እየደጋገመ ያነባል፤ በንባቦቹ መካከል የሚፈጠረው ጥቃቅን መዛነፍ ወደ ክምችቱ ይገባል። የዚህ ኢንትሮፒ ጥራት ያከራክራል፤ ለዘላለም ከመቆም ግን ይሻላል። በዚያው ቀን ሌላ ኮሚት ተከተለ። ርዕሱ ሲነበብ ያስቃል፤ ሪቨርት የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተደርቦበታል፣ የመመለሱ መመለስ። የዲስኩ ማሻሻያ ቦታው ላይ ገባና በኖቬምበር በወጣው 5.4 እትም ውስጥ ተካተተ። ቃሉ በሁለት ሳምንት ተፈጸመ።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። መመለሱ በሌላ መመለስ ስለተሻረ እነዚያ መስመሮች እንደ አዲስ የተጻፉ ያህል ተቆጠሩ። «ይህን መስመር ማን ጻፈው?» ብሎ በጊት ብሌም የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የቶርቫልድስ ስም ነው፤ አስቦ የሠራው ሰው ከኋላ ይቀራል። ቼሪ ፒክ ተደርጎ፣ ማለትም የመጀመሪያው ኮሚት ራሱ ተገልብጦ ገብቶ ቢሆን፣ የሠሪው ስም ከሥራው ጋር ይቆይ ነበር። በሌላ በኩል የመመለሱ መመለስ ሦስቱን ኮሚቶች ያያይዛቸዋል፤ ከመጨረሻው የጀመረ ሰው መለያዎቹን ተከትሎ እስከ መጀመሪያውና እስከ ሠሪው ይደርሳል። ሁለቱን መዝኜ አሁንም ወደ ቼሪ ፒክ አደላለሁ፤ መለያዎቹን ማስታወሻው ውስጥ መጥቀስ የሚከለክል የለም።

መመለስን መመለስ ቀልድ የሚመስለው ሰው የተመለሰ መርጅ (የብራንች ውህደት) አልገጠመውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 የጊት ሰዎች ፊት የቀረበ ጥያቄ ነበር። ገንቢዎች በብራንቻቸው ሠርተው «አልቋል» አሉ፤ ከዋናው ጋር መርጅ ተደረገ። የሆነ ነገር ተሰበረ፤ መርጁ ተመለሰ። ገንቢዎቹ ጉድለቱን አርመው «አሁን አልቋል» አሉ፤ እንደገና መርጅ ተደረገ። ሲታይ በኋላ የታረመው ብቻ አለ፣ የመጀመሪያው ሥራ የለም።

በቶርቫልድስና ጊትን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚመራው በጁንዮ ሃማኖ ስም የቀረው ማብራሪያ ነገሩን በሥዕል ያስረዳል። በብራንቹ ላይ «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ኮሚቶች ነበሩ እንበል። መርጅ ሲደረጉ መግባታቸው በታሪኩ ይመዘገባል። መርጁ ሲመለስ የሚወጣው ይዘታቸው ነው፤ ገብተው እንደነበር የሚለው ታሪክ አይነካም። ገንቢዎቹ «ሐ» እና «መ»ን ጨምረው ሲመጡ ጊት ያልገባው የትኛው እንደሆነ ይቆጥራል፤ የሚያገኘው «ሐ» እና «መ»ን ብቻ ነው። ሌሎቹማ ድሮ ገብተዋል፤ ይዘታቸውም በኋላ ሆን ተብሎ ወጥቷል፣ ጊትም ያንን ውሳኔ ያከብራል። ስለዚህ ሁለተኛው መርጅ ከመደረጉ በፊት መመለሱ ራሱ ይመለሳል።

ማብራሪያው እዚህ ላይ ቢያበቃም ባልከፋ። ግን ይቀጥላል። ገንቢዎቹ የድሮውን ከማረም ይልቅ አዲስ ብራንች ከፍተው ሁሉንም ከመጀመሪያው ጽፈውት ከሆነ መመለሱን እንዳትመልሱ ይላል፤ የተጣለው ሥራ ተነሥቶ ከአዲሱ ጋር ይጋጫልና። ትእዛዙ ያው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ልክ መሆኑና አለመሆኑ የሚወሰነው በመካከሉ ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ በመጠየቅ ነው። መርጅን በጅምላ መመለስ ለባይሴክት ክፉ መሆኑም ተነሥቷል፤ መመለሱ ሲመለስ ያ ሁሉ ለውጥ በአንድ ኮሚት ታጭቆ ስለሚገባ ስህተቱ የቱ ጋ እንደተደበቀ መለየት ያስቸግራል። ይህ ልውውጥ ከጊት መመሪያዎች ጋር ተያይዞ እስካሁን አለ። የጠያቂው ችግር ሳያጥር ከፊት ሰፍሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው መልሱን ከማንበቡ በፊት ጉዳዩ የእሱ መሆኑን ከዚያ ያረጋግጣል።